የአባባ ማሞቂያ እስኪበርድ

ባለፈው ሐምሌ፣ አባታችን በተቀበሩ ማግስት፣ ታናሽ እህቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያቸውን ሳታስፈቅደኝ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታችን ወሰደች። ስጠይቃት፣ “እትዬ፣ አንቺ እኮ ማብሪያውን እንኳ አታውቂውም” አለችኝ። እውነቷን ነው።

በክረምት የሐይቁ ነፋስ ሲበረታ አባባ ከማሞቂያው አጠገብ አይለዩም ነበር። አቧራ አፍኖት በራሱ ሲጠፋ ከሶኬቱ ይነቅሉትና፣ “ይብረድ፤ እንደጋለ አይነካም” ብለው እህቴን ይጠራሉ። የአየር ማስገቢያውን በብሩሽ የምትጠርገው እሷ ነበረች። እስኪበርድ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ይስቃሉም። እኔ ስጠጋ ግን፣ “አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እጅሽ አይቆሽሽ” ይሉኛል። ስለ ትምህርቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገሩ ይውሉ ነበር፤ ብሩሹን ግን አንድም ቀን አላስያዙኝም።

ዛሬ ከወንበራቸው ፊት ያለው ወለል ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ምንም አልተሰካበትም።

እህቴ፣ ማሞቂያው ላንቺ ይሁን። የምፈልገው አንድ መልስ ነው፦ እስኪበርድ ስትጠብቁ፣ በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል፣ አባባ ስሜን አንስተው ያውቃሉ? አንስተው ከሆነ ምን እንዳሉ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።