የእናቴ ቀይ መብራት

ዴንማርክ የባሕር ጠረፍ ላይ ነኝ። ድሮ መርከብ ይመራ የነበረውን የእሳት ምልክት እንደገና ሠርተውታል፤ ፍም የሞላበት የብረት ቅርጫት በገመድ ወደ ላይ ይሳባል። አስጎብኚው የጋለውን ብረት በጨርቅ ሲይዘው ጨርቅ ጨርቅ ሸተተኝ። ያ ሽታ የልጅነቴ ቤት ሽታ ነው።

ቶሮንቶ በገባን በሦስተኛው ቀን አባዬ ከሥራ ሲመለስ ሕንጻ ተሳሳተ። የሰፈራችን የፓርክዴል ሕንጻዎች መንታ ናቸው። ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቶ የሰው በር በእኛ ቁልፍ ሲታገል፣ ሌባ ነው ብለው ፖሊስ ጠሩበት። በማግስቱ እማዬ የጠረጴዛውን መብራት መስኮት ላይ አስቀምጣ በቀይ ሻሿ ሸፈነችው።

"ቀዩን እያየህ ና" አለችው።

ሻሹ እየጋለ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ጨርቅ ጨርቅ ሸተተ።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ መንገዱን ለምዷል" አልኳት አንድ ቀን።

"መብራት ለሚመጣው ብቻ መሰለሽ?" አለችኝ ሻሹን እያስተካከለች። "ለሚጠብቀውም ነው።"

ያኔ አልገባኝም።

አሁን እዚህ ጠረፉ ላይ ልጄ እጄን ጎተት አደረገችኝ። "ማሚ፣ መርከቦቹ ጂፒኤስ አላቸው አይደል? ታዲያ ይሄን እሳት ለማን ነው የሚያበሩት?"

"ዳር ላይ ቆመን ለምንጠብቀው ለእኛ ነዋ!" አልኳትና ገመዱን አብረን ሳብነው።