በእትዬ ብርቄ በር ላይ የተጣበቀው ፎቶ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ገና ወጣት ቀለም ቀቢ ሳለሁ። ዛሬ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥሁ እንኳ ይጠፋኛል። ያን ቀን ግን አልረሳውም፤ ብረሳው እግዜር ይታዘበኛል።

ሥራዬ አብደራፊ፣ የመንግሥት እርሻው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ትራክተርና የጭነት መኪና እቀባለሁ። ገንዳ ውሃ ከተማ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለና፣ እጁ ጥሩ ነው ተብዬ ለቀበሌው በውሰት ተሰጠሁ። አዎ፣ እንደ አካፋ በውሰት! ትእዛዙ በዋናው መንገድ ዳር ያለ በር ሁሉ ሰማያዊ ይቀባ የሚል ነበር።

በር በበር እየቀባሁ እትዬ ብርቄ ሻይ ቤት ደረስሁ። በሩ የእንጨት ነው። ቀን ቀን ወደ ውጭ ተከፍቶ ስለሚውል የውስጡ ገጽ ለመንገደኛው ይታያል። እዚያ ላይ በሰው ቁመት ልክ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ ተለጥፏል። ልፍቀው ስፓቱላዬን ይዤ ስጠጋ ሴትዮዋ ከጓዳ ሮጠው መጥተው በእኔና በበሩ መካከል ቆሙ።

«ልጄን አትፋቅብኝ!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሩ አንድ ልጃቸው ነው። ለውትድርና ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። ያላቸው ፎቶ ይኸው ብቻ ነው። ሻይ ለመጠጣት ከሚቆሙት ሾፌሮችና ወታደሮች መካከል «ይህን ልጅማ አይቼዋለሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ብለው በራቸው ላይ ለጠፉት። የቆላው ነፋስ እንዳይወስደው ደግሞ የግራር ሙጫ በጥብጠው ጀርባውን ሙሉ ቀብተውታል። የእናት ነገር፣ ምን ያድርጉ! ፎቶው ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። ጠርዙን በጥፍሬ ብነካው ጫፉ ተቀደደ፤ እትዬ ብርቄ እሳቸውን የቧጠጥኋቸው ያህል አቃሰቱ።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ቀለም የማቀጥንበትን አኳራጅ በጨርቅ ነክሬ ጠርዝ ጠርዙን አሸሁት። ወይ ፍንክች! ቤንዚን ሞከርሁ፤ እሱም ያው ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር መንገዱ እስከ ማታ ካላለቀ ወዮልህ ብሎኛል።

ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው መጡ። ሐጅ ኢድሪስ ይባላሉ፤ የሙጫና የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ጭነታቸው ተጭኖ፣ ወደ ጎንደር ሊወጡ ሾፌራቸው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃቸዋል። ጣታቸውን አርጥበው ከጠርዙ የወጣውን ሙጫ አሹና ቀመሱት። ሙጫ ሲቀመስ ያን ቀን ገና አየሁ!

«ቱ! ቤንዚን ቤንዚን አሰኘኸው እኮ» አሉኝ። «የግራር ነው። ይህ ቤንዚን አይፈራም፤ የሚያሸንፈው ውሃ ነው።»

«ኧረ ሐጅ፣ ውሃማ ፎቶውን ያጠፋዋል!»

«ፎቶን መጀመሪያውንስ ከውሃ አይደለም እንዴ የሚያወጡት? ጎንደር ፎቶ ቤት ሄደህ እይ፤ እንደ ልብስ በገመድ ያሰጡታል።» ከዚያ ወደ እትዬ ብርቄ ዞር ብለው፣ «ይፈቅዱልኛል ወይ?» አሏቸው።

እትዬ ብርቄ ከበሩ ላይ ገለል አሉ።

በሩን ከማጠፊያው ነቅለን ጥላ ሥር አጋደምነው። ሐጅ ነጩን ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ፎቶው ላይ አለበሱት። እየደረቀ ሲሄድ በሻይ ብርጭቆ ውሃ እያፈሰሱ ያርሱታል። ሾፌራቸው ጥሩንባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። በመጨረሻ «ሂድ፣ ጭነቱን ይዘህ ሂድ፤ እኔ በሌላ መኪና እመጣለሁ» አሉት። ለማያውቁት ልጅ ፎቶ ብለው!

ሊቀመንበሩ መጣ። «እስካሁን እዚሁ በር ላይ ነህ? ፍቀህ ጣለውና ቀባ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሐጅ ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙጫ ላይ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ ይላጣል። እንግዳው ሲመጣ በሩ ተልጦ እንዲያየው ነው የሚፈልጉ?»

«እውነታቸውን ነው» አልሁ፤ እውነታቸውንም ነበር። ሊቀመንበሩ እያጉረመረመ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሙጫው ለሰለሰ። ሐጅ የስፌት ክር በሁለት እጃቸው ወጥረው ከፎቶው ሥር አስገቡና ወዲያና ወዲህ እያሉ ቀስ አድርገው ሳቡት። ፎቶው ሳይቀደድ ሙሉውን ተነሣ፤ እትዬ ብርቄ እልል አሉ!

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። እንጨቱ ላይ የተረፈውን ሙጫ እጅ መያዙን እስኪተው ድረስ በሙቅ ውሃ አሸሁት። ቤንዚን የነካውን በሳሙና አጠብሁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሰማያዊ ቀባሁት።

እትዬ ብርቄ ፎቶውን በነጠላቸው ሲያደርቁ ቆዩ። ሣጥን ውስጥ ሊያኖሩት ነው ብዬ ነበር። ሐጅ ሊሄዱ ሲነሡ ግን ይዘው መጡና፣ «የእኔ በር አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚውል። እርስዎ አገር ለአገር ይዞራሉ። ለማያውቁት ልጅ እንዲህ ከደከሙ ይፈልጉልኛል፤ ይውሰዱት» አሏቸው።

ያን ሁሉ የተሟገቱለትን፣ ያላቸውን አንድ ፎቶ! ሐጅ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አደራዎን ተቀብያለሁ» ብቻ አሉ። እኔ ቀለም የማማስል መስዬ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

በሚቀጥለው የሰሊጥ አጨዳ አብደራፊ ጋራዣችን አንድ የጭነት መኪና ገባ። ጋቢናውን አያለሁ፤ ማሩ! ያው ፎቶ፣ የተቀደደችው ጫፉ ሳትቀር። «ከየት አመጣኸው?» ብዬ ሾፌሩ ላይ ጮህሁበት።

«ምን ያስጮህሃል? ሐጅ ኢድሪስ ጎንደር ፎቶ ቤት አባዝተው ለሾፌር ሁሉ አደሉት። ዋናውን ለእናቱ መልሰዋል። ልጁን ያያችሁ እንደሆነ እናትህ ገንዳ ውሃ ትጠብቅሃለች በሉት ብለውናል።»

በዚያ ወቅት ሌላ መኪና መጣ፤ እሱም ላይ ማሩ አለ። ሌላም መጣ።

ማሩ መመለሱን ሳልሰማ ከዚያ አገር ወጣሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐጅን ሳስብ ግን ደስ ይለኛል፤ በሕይወት ካሉ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ከሌሉም ነፍሳቸውን ይማር። እትዬ ብርቄ ሻይ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ልጃቸውን አይቼዋለሁ የሚል አንድ ሰው ነበር የሚጠብቁት። ስንት ሰው ይፈልግላቸው እንደነበር እኔ በዓይኔ አየሁ።