ዘምዘምን የነፈግኳት ሚና

ይህን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ተናግሬ አላውቅም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎትና ከመነሻው ልንገርዎ።

ሐይቅ ከተማ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስለ ኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት የተጻፈ ልብ ወለድ ተረክሁ። የትልቅ ዘር ልጅ ተራ ገበሬ ታገባለች፤ ከዚያ ወዲያ በእናቷ ቤት ውኃ የምትጠጣው በተለየ ዕቃ ነው። የዘር ደረጃዎቹን ሰሌዳው ላይ በሣጥን በሣጥን ሥዬ አስረዳሁ። ተማሪዎቹ ተቆጡ። እኔም እኩልነትን ያስተማርኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ታሪኩን ድራማ ስናደርገው ዘምዘም የባለዘሯን ሚና ጠየቀች፤ ሰጠኋት። ቃሉን በሦስት ቀን ሸመደደችው። እናቷ ሸክላ ሠርታ ውጫሌ ገበያ ትሸጣለች። ገንቦዋን ገዝቶ ከዚያው ውኃ እየጠጣ፣ ዓይኗን ፈርቶ ቤቷ የማይቀምስ ሰው ብዙ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ግን አልሣልኩትም።

በድራማው የባለዘሯ አገልጋይ ሆና የምትሠራዋ ተማሪ አባት፣ ጋሽ ይመር፣ አንድ ቀን በር ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ልጄ ለሸክላ ሠሪ ልጅ እጅ ልትነሳ ነው አሉ?»

«ድራማ እኮ ነው ጋሼ።»

«ድራማውንማ እኛ እናያለን። ሰው ደግሞ እኛን ያየናል፣ የኔ ጌታ።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት። አላስፈራሩኝም። ታዲያ ምን ፈራሁ? ምንም። ከእነሱ ወገን መቆጠር ፈለግሁ እንጂ።

በማግስቱ ዘምዘምን ጠርቼ «አገልጋይዋን ብትሠሪ ይሻላል» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት።

«ለምን ቲቸር?»

«ድምፅሽ ዝቅ ያለ ነው።»

ዋሸሁ። ድምፅዋ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። «እሺ» ብላ ሄደች። የባለዘሯን ሚና ለጋሽ ይመር ልጅ ሰጠሁ። ለድራማው ቃል የገባችውን የሸክላ ዋንጫም እናቷን አሠርታ አመጣች።

የድራማው መጨረሻ እርቅ ነበር፤ አገልጋይዋ ጠጥታ ዋንጫውን ለባለዘሯ ትሰጣለች፣ ባለዘሯም ትጠጣለች። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዘምዘም ጠጥታ ሰጠች። የጋሽ ይመር ልጅ ግን ዋንጫውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ሳትነካው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ይህን ልምምድ ላይ አላሳየኋትም፤ ከቤቷ ይዛው መጣች። አንድ ሰው ከኋላ «ጎበዝ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የዘምዘም እናት እዚያው ተቀምጣ ነበር። እኔስ? እኔም አጨበጨብኩ።

ዘምዘም ጎንበስ ብላ የእናቷን ዋንጫ አነሳች፤ የቀረውን ውኃ ጠጥታ ወጣች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍሌ ውስጥ እጇን አላወጣችም።

ወጣት ነበርኩ ልበል? እሷም ወጣት ነበረች፤ ከእኔም ታንሳለች። ዛሬ ውጫሌ ገበያ ከእናቷ ጎን ትቀመጣለች። በባጃጅ ሳልፍ አይቻታለሁ፤ ወርጄ ግን አላውቅም። ይቅርታውን እርስዎን አልጠይቅም፤ የእርስዎ አይደለምና። ለእሷ ልነግራት የሚገባኝን ግን እዚህ ልጻፈው፦ ዘምዘም፣ ድምፅሽ ዝቅ ያለ አልነበረም።