መጋላው የሰበረው አጥንት

እንጅባራ ጤና ኮሌጅ የገባሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ዳንግላ እተዳደርባት የነበረችውን የልብስ ስፌት መኪናዬን ሸጬ ነው። የክፍል ጓደኞቼ «እትዬ» ይሉኛል፤ ስገባ ወንበር ይለቁልኛል። የመጀመሪያውን የአጥንት ፈተና የወደቅሁት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ፈተናው የቃል ነበር። ተማሪው ከከረጢት አንድ የፕላስቲክ አጥንት ያወጣል፤ ስሙን፣ ከዚያም የግሪክ ሥሩን ይናገራል። እኔም አወጣሁ። ስሙ ጉሮሮዬ ድረስ መጣና እዚያው ቀረ። መምህሩ ትንሽ ጠበቀኝና ዜሮ ጻፈ። ድጋሚው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ እሱን ከወደቅሁ ወደ ዳንግላ መመለስ ነው፣ ያለ ስፌት መኪና።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ የአገው ፈረሰኛ ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴን ባይሰሙ ይሻላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሳነበንብ ሰሙኝና፣

«አንች ልጅ፣ ድግምት ነው እንዴ የምትደግሚው?» አሉኝ።

«የአጥንት ስም ነው አባባ፤ ከነግሪኩ።»

«ስለ አጥንት እኔን አትጠይቂም?» ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸው ሥር ያለውን አጥንት አስዳሰሱኝ። በደንብ አልገጠመም። «ይችን የሰበራት ዳማው ፈረሴ ነው።»

«ክላቪክል ትባላለች። ስሟ እንኳን የላቲን ነው፤ ግሪኮቹ ክሌይስ ይሏታል። ሁለቱም ቁልፍ ማለት ነው።»

«ቁልፍ? የምን በር ሊከፍቱባት?»

ትከሻቸውን ያወለቀው ቦራው ነበር። «አክሮሚዮን» አልሁ፤ «የትከሻ ጫፍ ማለት ነው።»

«ታዲያ የትከሻ ጫፍ አትይም? ለዚህ ነው ኮሌጅ የገባሽው?»

በጣም ደስ ያላቸው በጣቶቹ ነው። ፋላንክስ ማለት ተሰልፎ የቆመ ጦር ነው ስላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አምባላዩ የረገጣት ትንሿ ጣት ወደ ጎን ተጣማለች። «ይችኛዋ የከዳች ናት» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰውነታቸውን ጨረስነው ማለት ይቻላል። ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ፤ አጥንቱ፣ ሥሩ፣ ፈረሱ። ለብቻው ከአእምሮዬ ይበንብኝ የነበረው ግሪክ በፈረስ ሲጫን ረጋ።

የቀረን የጭራ አጥንት ነበር። እዚህ ላይ ጋቢያቸውን አልገለጡም።

«ኮክሲክስ» አልሁ። «ሥሩ የወፍ ስም ነው።»

«ወፍ ማስቀመጫ ሌላ ቦታ አጥተው ነው? ጻፊ። እሱን ያደቀቀው መጋላው ነው። በጥር ጊዮርጊስ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ በሙሉ ግልቢያ ላይ!»

ባለቤታቸው ከወዲያ ድንች ይልጣሉ። ቀናም አላሉ። «አህያዋ ናት እንጅ» አሉ።

«አንች ሴትዮ!»

«ከአዲስ ቅዳም ገበያ ድንቹን ሸጦ ሲመለስ ደከመኝ ብሎ ባዶዋን አህያ ወጣባት። አሽቀንጥራ ጣለችው። ያነሣሁት እኔው ነኝ።»

«መጋላው ነው ብያለሁ!»

«መጋላ አህያ የት አለና?»

ፈረሰኛ አህያ ላይ ታየ ማለት በእኛ አገር እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተጻፈ ስሕተት እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሽማግሌው ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠብቄ «መጋላ» የሚለውን ሰረዝሁና «አህያ» ብዬ ጻፍሁ።

የድጋሚው ቀን እጄን ከረጢቱ ውስጥ ሰደድሁ። የወጣችልኝ ትንሽ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፏ የጎበጠ አጥንት ናት። ከማየቴ አወቅኋት። ጉሮሮዬ እንደ ልማዱ ተዘጋ። መምህሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ዜሮውን ከመጻፉ በፊት ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስገፋ፣ የወጣው ሦስተኛው ዓምድ ሆነ።

«አህያ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ» አለኝ በትሕትና፣ «ይሄ የሰው አጥንት ነው።»

ለአህያዋ የተከፈተው ጉሮሮዬ ግን አልተዘጋም። «ኮክሲክስ ነው» አልሁ። «የጭራ አጥንት፤ ከአከርካሪ ግርጌ ያለ። ሥሩ ኮኪክስ፤ ስሟን እየጠራች የምትጮኽ ወፍ ናት። አጥንቱ ምንቃሯን ስለሚመስል ነው።»

«አህያዋስ?»

«ሰው ጥላበታለች። የጣለችውን ግን አልናገርም።»

መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቅሁት። ከዚያ አራት አጥንት ጨመረልኝ፤ አራቱንም መለስሁ። ሲጽፍ በሩቁ አየሁ፤ ዜሮ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል። «እህስ?»

«አለፍሁ አባባ።»

«በየትኛው?»

ባለቤታቸው ከውስጥ ብቅ ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«በመጋላው» አልሁ።

«ይኸውልሽ!» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። «በከንቱ አልጣለኝም!»

ደብተሩ ዛሬም አለ። መልሼ አላረምሁትም፤ «አህያ» ነው የሚለው።