ሐይቁ በየት በኩል ነው?

እናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ለመካ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሰግድ ኖራለች። ያወቅሁት ከኡጋንዳ ተመልሰን ባሕር ዳር በገባን በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያሳሳትኋትም እኔው ራሴ ነኝ።

የእናቴ ቤት ተከራይቶ ነበር የቆየው። ተከራዮቹ ሳሎኑን በኮምፔርሳቶ ከፍለው፣ የድሮውን በር ዘግተው በጓሮ በኩል ሌላ አውጥተዋል። እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነውና እነሱን ስረግም ሁለት ቀን ዋልሁ። ዐይኗ ከጠፋ ዓመታት የሆናት እናቴ ግን አልተናደደችም፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች የምታውቀው ቤት ብቻ ጠፋባት። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የዐስር ሶላት ሲደርስ፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ስለሚላት እንደ ወትሮው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ወዲያና ወዲህ አዞረችና፣

«ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«በዚህ» ብዬ ትከሻዋን ይዤ አዞርኋት። ሁለት እጇን ወደ ጆሮዋ አንሥታ «አላሁ አክበር» አለች። ሐይቁን የጠየቀችኝ ቂብላውን፣ ማለት ለሶላት ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ፣ ለማወቅ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ ያለው በሰሜን ነው፤ መካም ከእኛ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። በእኛ ቤት ልጅ ሶላት ሲማር «ፊትሽን ለሐይቁ ስጪ» ነው የሚባለው። ሐሙሲት ገበያ እየተመላለሰ ጨርቅ ይነግድ የነበረው አባቴም እኔን ያስተማረኝ እንዲሁ ብሎ ነው። ኡጋንዳ የኖርንባት ከተማ ግን ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተሰሜን ዳር ናት። እዚያ ፊቱን ለሐይቁ የሰጠ ሰው ወደ ደቡብ፣ ለመካ ጀርባውን ሰጥቶ ዞረ ማለት ነው። እናቴ እዚያ በገባች ማግስት ይህንኑ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። እኔም አገሯ ናፍቋት፣ የሐይቅ ነፋስ አምሯት መሰለኝ፤ እጇን ይዤ መስኮቱ ላይ አሳረፍሁላት።

እዚያ የወሰደን የባሌ ሥራ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ተከተልሁት፤ አባቴ ሲሞት ደግሞ እናቴን ብቻዋን መተው አልሆንልሽ አለኝና እሷንም ወሰድኋት። ኑሯችን ክፉ አልነበረም። ጤፍ ሲጠፋ በሩዝና በዳጉሳ ዱቄት እንጀራ እንጋግራለን። ሥጋ ቤቱ የሙስሊም ነው ብንላት እናቴ «በስማ በለው ሥጋ አይበላም» ትላለች፤ ስለዚህ ባሌ በየሳምንቱ ዶሮ በገዛ እጁ ያርድላታል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ወጥታ በተመሳሳይ ሰዓት ስለምትገባ የረመዳን ጾም አይረዝም፣ አያጥርም። «የዚህ አገር ፀሐይ ደመወዝተኛ ናት» እያለች ታስቀን ነበር።

ባሌ ለአማቱ ወግ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የመኝታ ክፍሏን ደፍ አላለፈም፤ በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ?» ብሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ከሥራ ሲመለስ ሳሎን ውስጥ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰግዳል። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ፊቷን ለመስኮቱ ሰጥታ ትቀመጣለች። እኔ በሁለቱ መካከል ሰሃን ይዤ እመላለሳለሁ። ሁለቱንም አያለሁ። የምትሰግደው ተቀምጣ ስለሆነ፣ መቁጠሪያዋን የምትቆጥር ወይም ነፋስ የምትቀበል ይመስለኛል። ለኢድ መስጊድ ስንወስዳት ሴቶቹ እጇን ይዘው ያሰልፏታል፤ እዚያ ሐይቁ ከወዴት እንደሆነ አታውቅም። ዐይን የነበረኝ እኔ ነበርሁ።

በማግስቱ ጧት ባጃጅ ይዤ የአባቴ ወዳጅ ወደነበሩት ሽማግሌ ሼህ ቤት ሄድሁ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ዐይኗ ሄዷል፣ ባሏ ሄዷል፣ የቀራት ሀብት ሶላቷ ነው። ያ ሁሉ ሶላት ከንቱ ከሆነ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት? ባልነግራትስ እንዴት አብሬያት እኖራለሁ? ሼሁ በረንዳቸው ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ዐይነ ስውር የሚያይ ሰው ይጠይቃል» አሉኝ። «ጠየቀች፤ የተነገራትን አደረገች። እኔ እንደማውቀው ሶላቷ ሶላት ነው፤ ከዚህ በላይ ያለውን አላህ ያውቃል።»

እጃቸውን ስሜ ልነሣ ስል፣ «ቆዪ እስቲ» አሉ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የኖራችሁት አንድ ቤት ነው። አብራችሁ ስትሰግዱ እሷ ወዲያ አንቺ ወዲህ ሆናችሁ አታውቁም?»

ጧት ከቤት ስወጣ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። ሼሁ የጠየቁኝ ለነገር ብለው አይደለም፤ እውነትም አልገባቸውም።

ሶላት ትቼ ነበር፤ እናቴ ከመምጣቷም በፊት። ማንም አላስተወኝም። መጀመሪያ ሱቅ ውዬ ስገባ ደክሞኝ ተውሁ፤ በኋላ ሳይደክመኝም ተውሁ። እጾማለሁ፣ ሻርፔን እጠመጥማለሁ፣ ኢድ ሲመጣ ከማንም በላይ አጌጣለሁ። ባሕር ዳር ብሆን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር፤ ሰው አገር ጠያቂ የለም። ባሌ ከእናቴ ጋር የምሰግድ ይመስለዋል፣ እናቴም ከእሱ ጋር የምሰግድ ይመስላታል ብዬ በሁለቱ መካከል ተደላድዬ ኖርሁ። አንድ ቀን ብቻ አጠገቧ ቆሜ ብሰግድ ኖሮ ስሕተቱ የዚያኑ ዕለት ይያዝ ነበር።

ሼሁ ፊቴን አይተው ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። አልተቆጡኝም። «ሂጂና ንገሪያት» አሉኝ፤ «ሁለቱንም።»

ከቀትር በኋላ እናቴን ሐይቁ ዳር ወሰድኋት። ድንጋይ ላይ ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኋት። ውሃው ዳርቻውን ይመታል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት ሰዎች የታንኳቸውን ደንገል ያስራሉ። የመጀመሪያውን ነገርኋት። መቁጠሪያዋ ላይ የነበረው ጣቷ ቆመ።

«ስድስቱንም ዓመት?» አለች።

«ስድስቱንም።»

ከንፈሯ ነጣ። እንዲህ ደንግጣ አይቻት አላውቅም፤ አባቴ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ቶሎ ብዬ ሼሁ ያሉትን ነገርኋት፤ ደግሜ፣ ደጋግሜ ነገርኋት። በመጨረሻ፣ «እሳቸው ካሉስ ይሁን፤ እሱ መሐሪ ነው» አለች። ጣቷ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ማቆምም አምሮኝ ነበር።

«እማ፣ እኔ እዚያ አልሰግድም ነበር» አልኋት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የጠፋው ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬ መች ጠፋ? ቧንቧው ከግድግዳዬ ጀርባ ነበር። ባልሽ ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ እሰማለሁ። አንቺ ሰሃን ስታጥቢ እሰማለሁ። ውዱእሽን ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ማፈር ሲገባኝ ተናደድሁ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ስደነግጥ እቆጣለሁ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ቂብላው ወዴት እንደሆነስ ባሌን ብትጠይቂው ምን ነበረበት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደንገል የሚያስሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። እናቴ ትከሻዋን ሰበሰበች።

«እሱን ብጠይቀው፣ ‹ልጅዎ አታውቀውም ወይ?› ሊለኝ ነው። በባልሽ ፊት ላጋልጥሽ?»

«እኔንስ?»

«አንቺንማ ጠይቄሽ ነበር» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመረጠች። «በገባሁ ማግስት፣ ቀትር ላይ። ‹ቂብላው ወዴት ነው?› ብልሽ፣ ‹እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ሥራ ላይ አይደለሁም ወይ!› ብለሽ ጮህሽብኝ። ድስቱን ስታስቀምጭው ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ሰው አገር ነኝ፣ ያለሁት በእጅሽ ነው፤ ሁለተኛ ልጠይቅሽ ፈራሁ። ሐይቁን ብጠይቅሽ አትቆጭም ብዬ ነው።»

ይህን ጨርሶ አላስታውሰውም። ጩኸቱንም፣ ድስቱንም አላስታውስም። እጇን ይዤ መስኮቱ ላይ ያሳረፍሁት ብቻ ትዝ ይለኛል፤ እሱንም ለእናቴ ካደረግሁላት ደግ ነገር ቆጥሬው ነበር። ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት ወዴት ዞራ እንደምትሰግድ እኔን ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ፈርታ ኖራለች።

ዝምታዬ ሲረዝምባት እጄን በዳሰሳ ፈልጋ ያዘችና፣ «ተቆጣሽ?» አለችኝ።