ምንጯ ያኮረፈችው ዳገት

ልጅ ሳለሁ ባሕር ዛፍ ሌባ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን ያስተማሩኝ የአባቴ አጎት አባባ ተሰማ ናቸው። የደን ጥበቃ ሆነው ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ባለች ትንሽ ቤት ይኖሩ ነበር። አባቴ የታክሲ ሾፌር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ወንድሞቼን ከሰፈራችን ከሲግናል አሳፍሮ መንገዱ እስከሚፈቅድለት ያደርሰናል፤ የቀረውን እያለከለክን በእግራችን እንወጣዋለን።

ያኔ እሳቸው ቤት ተረት በነፃ አይሰማም። እያንዳንዳችን ከመንገድ ቅጠል ይዘን መምጣት ነበረብን፤ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ካመጡ ሁለቱም በሩ አጠገብ፣ ብርዱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ባሕር ዛፍ ያመጣማ ጉዱ ፈላ። ዳገቱ ደግሞ ከባሕር ዛፍ በቀር ምን አለው! በየገደሉ ስንዳክር፣ በየአጥሩ ስንሾልክ፣ ወይራና ኮሶ የተረፈባትን ሥርቻ ሁሉ አወቅናት። አባባ ቅጠሉን በፋኖሱ ብርሃን ገልበጥ አድርገው ያዩታል፣ አሸት አድርገው ያሸቱታል፣ ስሙን ይነግሩናል፤ ከዚያ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና ይጀምራሉ።

ከሁሉ የምወደው የምንጯን ተረት ነበር። ምንጯ ከኮሶና ከወይራ ጋር በጉርብትና የምትኖር ደግ ሴት ናት። አንድ ቀን አንድ ረጅም እንግዳ መጥቶ ለአንድ ሌሊት አሳድሩኝ ይላል፤ ያሳድሩታል፤ እሱ ግን እግሩን በመሬት ውስጥ ዘርግቶ የየቤቱን ማሰሮ ሲጠጣ ያድራል። ጎረቤቶቿ ደርቀው ሲያልቁ እሷም አኩርፋ ዳገቱን ትታ ትሄዳለች። ከአባባ ቤት በላይ የነበረችው እውነተኛዋ ምንጭም በበጋ መድረቅ ከጀመረች ቆይታለችና ለእኛ ነገሩ የጎረቤት ወሬ እንጂ ተረት አይመስለንም ነበር። እኔማ አለቅስላት ነበር። የምንሞቀው እሳት የዚያው የሌባው ጭራሮ፣ ዓይናችንን የሚያቃጥለውም ጭስ የእሱ መሆኑን ግን ማንም አያነሳም።

አድጌ ዩኒቨርሲቲ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ተማርኩ። ሰፈርተኛው ከምንጯ በላይ ያለውን ዳገት እንዲያለማ ሲፈቀድለት እኔም እንዳግዝ ተጠራሁ። ስደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቀኝ፤ አባባ «ክረምት ሳይገባ ሌባው አንድ ሳይቀር ከነጉቶው ይነቀል» ብለዋል፣ ሰፈሩ ደግሞ የእሳቸውን ቃል ይሰማል። ደነገጥኩ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነቀለ የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩን ጠርጎ ምንጯ ላይ ይከምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንጭ የሚባል ነገር አይኖርም።

ማምሻውን ሄጄ እሳቱ ዳር ተቀመጥኩና ይህንኑ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለሌባው ጠበቃ እንድትቆሚለት ነው?»

ጭራሮ ከተማ እያወረዱ ሸጠው ልጆች ያሳደጉት ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ነበሩ። «ጠበቃ ቢቆምለት ምናለ፣ እኛን ያበላን እሱ አይደል?» አሉ።

ስብሰባ ላይ እንደማወራው ብቀጥል ኖሮ ያባርሩኝ ነበር። በእሳቸው መንገድ ሞከርኩ። «አባባ፣ ሌብነቱን አልካድኩም። ግን ያ እንግዳ ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር ግድግዳውን ደግፎ ነው። ዛሬ ጎትተው ቢያስወጡት ግድግዳው አብሮት ይመጣል። ዳገቱን አግድም፣ መስመር በመስመር እየቆረጥን እናስወጣው፤ በለቀቀው ቦታ የምንጯን የድሮ ጎረቤቶች፣ ወይራንና ኮሶን፣ እናስገባላት። እነሱ ዝናቡን አረጋግተው ወደ መሬት ያሰርጉታል፤ እሷም የምትኖረው በዚያ ነው። እትዬ ዘነቡም እስከዚያ ማገዶ አያጡም።»

ፍሙን አገላበጡት። «ወይራውን የት ልትተክዪ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ቁጥቋጦውን መንጥረን፣ ጉድጓድ ቆፍረን።»

«እሱማ አይሆንም። ወይራ ሕፃን ሳለ ሞግዚት ይፈልጋል። ወፏ ፍሬውን በልታ የምትጥለው ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጣ ነው፤ እዚያው እሾሁ ሥር ፀሐዩም ፍየሉም ሳያገኘው ያድጋል።»

ጥላ እርጥበት እንደሚይዝ፣ ወፎች ዘር እንደሚያዛምቱ ፈተና ላይ ጽፌያለሁ፤ እዚህ ዳገት ላይ ግን ከእሳቸው ጋር ካልዞርኩ አይሆንልኝም። በማግስቱ አብረን ወጣን። እሳቸው ቁጥቋጦውን በከዘራቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ ቁልቁለቱን እለካለሁ፣ ሳንስማማ ስንቀር ቆመን እንጨቃጨቃለን። ሰፈርተኛውም እንዳልነው መስመር በመስመር እየቆረጠ ተከለ። ሁለታችንም የተሳሳትንበት አለ፤ ኮሶው ግማሹ ሞተብን።

ጥቂት ዓመታት አልፈው አሁን ዳገቱ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ መስመር ባሕር ዛፍ፣ ቀጣዩ ከጉልበቴ ከፍ ያለ ወይራና ጥድ። ባለፈው የካቲት ምንጯ ትፈልቅበት በነበረው ድንጋይ ሥር እጄን ብሰድ ጭቃ ነካሁ። ውሃ አይደለም፤ ግን በበጋ ጭቃ! እየሮጥኩ ወረድኩ።

አባባ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ያንኑ ተረት ይዘዋል። በጆሯቸው ነገርኳቸውና ከልጆቹ መሀል ተቀመጥኩ። አኩርፋ ሄደች ከሚለው ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። «ሰሞኑን ግን ታይታለች፤ በራፉ ላይ ቆማ ቤቱን እያየች ነው አሉ።»

«መቼ ነው የምትገባው?» አለች አንዲት ልጅ።

በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሷን ጠይቂያት፣ የተማረችው እሷ ናት።»

አላውቅም አልኳት። እሳቸውም አያውቁም። ያኔ ተረቱ መጨረሻ ስለነበረው አልቅሼ እተኛ ነበር፤ አሁን መጨረሻውን የሚያውቅ ማንም የለም፣ እኔም በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ያለኝ አለማወቅ የለም።