አባቴን የማስገድፍበት ሰዓት

ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር «ያቺ አባቷን በጾም የምታስገድፈው» ሲባል ከሰማችሁ፣ የምትታማዋ እኔ ነኝ። አልክድም። ሥጋ አላበላሁትም፣ ወተትም አላጠጣሁትም፤ የማስገድፈው ሰዓቱን ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ አበላዋለሁ። ለምን እንደማበላው ጠይቆኝ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሰው ስለሌለ ራሴ እናገራለሁ።

አባቴ የድብ ባሕር ገበሬ ነበር። የመርሳት በሽታው ሲጀምረው፣ በሬዎቹን ጠምዶ ወጥቶ ማሳው የት እንደሆነ ጠፋበትና ሰው እጁን ይዞ መለሰው። ያን ጊዜ ጎንደር አመጣሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት ማኪናዬ በረንዳ ላይ ስለሆነች እየሰፋሁ አየዋለሁ። ስሜን ከረሳው ቆይቷል። አንዳንድ ቀን እናቱ ያደርገኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ግብር ሰብሳቢ። ግብር ሰብሳቢ የሆንኩ ዕለት ቤቱ አይበቃንም፤ ሲቆጣኝ ይውላል።

ጾሙን ግን አልረሳም። የሚገርመኝም የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቀኑ ረቡዕ ይሁን ማክሰኞ አያውቅም፤ ለሱ ሁሉም ቀን ጾም ነው። ጠዋት ምግብ ሳቀርብለት አፉን በመዳፉ ይሸፍንና «ቅዳሴ ወጣ ወይ?» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ ስለምነው፣ ሳባብለው፣ አንዳንዴም ሳለቅስበት ይበላልኝ ነበር።

መብላት አለበት፤ ምክንያቱም ስኳር አለበት። ጠዋት ጠዋት የሚውጠው ክኒን አለ፤ ምግብ ይቀድማል፣ ክኒኑ ይከተላል። ይህንን ለሚያግዘኝ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። የነገርኩ መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል፤ እኔ «ምግብና መድኃኒት» ስል ሰው የሚሰማው «መድኃኒት» የምትለዋን ብቻ ነው።

በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ፣ የሙሽራ ልብስ ለባለቤቶቹ ላደርስ ወጣሁ። ቤት የቀረችው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እኅት። እሱን በማስታመም ላግዝሽ ብላ ከድብ ባሕር የመጣች፣ ስትጾም ምራቋን እንኳ ለመዋጥ የምትፈራ የምትመስል ሴት ናት። ቁርሱን አዘጋጅቼ፣ ክኒኑን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ፣ «አብይውና ስጪው» ብያት ሄድኩ።

ስመለስ አባቴ መደብ ላይ ጋደም ብሏል። ላብ አጥምቆታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ተሳስሯል። አክስቴ ከራስጌው ቁጭ ብላ ግንባሩን ጠበል ትቀባዋለች።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«በሽታው ነው እንጂ ምን ይሆናል? ዛሬስ ጭራሽ ባሰበት፤ እኔንም አላወቀኝ» አለችኝ።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ይህ ነው። አንዴ «ረስቷል» ከተባለ በኋላ ሰውዬው ምንም ቢሆን ጥፋቱ ለመርሳቱ ይሰጣል። ትኩሳት ቢይዘው መርሳቱ፣ ቢወድቅ መርሳቱ፣ ሊሞት ሲል እንኳ መርሳቱ ነው። ዞር ስል ቁርሱ እንደተከደነ አየሁት።

«ምን በላ?»

«ምነው፣ ዓርብ አይደል እንዴ? ቅዳሴው የት ወጣና! ወጣ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ገና ነው አልኩት። ሸጋ አድርጎ ጾመልኝ።»

«ክኒኑስ?»

«እሱንማ በማለዳ በጠበል ሰጥቸዋለሁ። መድኃኒት እህል አይደል፣ ጾም አይፈታ።»

አልዋሸችም፣ አልሰነፈችም። የወንድሟን ጾምም መድኃኒቱንም አክብራ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ልትገድልብኝ ነበር። ማሩን አወረድኩና በጣቴ ጉንጩ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ቀባሁት። ይውጥ ስለነበር እግዜር ይመስገን። ትንሽ ዓይኑን ሲገልጥ ባጃጅ ጠርተን ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሟ ተቆጣችን። ክኒኑ ሆዱን ባዶ ሲያገኘው የደሙን ስኳር ጠርጎ እንዳወረደው፣ ትንሽ ዘግይተን ቢሆን እንደማይነቃ ነገረችን። ያንን ክኒን ለወጠችለትና ወደኔ ዞራ፣ «መድኃኒቱ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ሌላ ማንም አይስጠው። ካልበላ አይዋጥም» አለችኝ።

በአንድ ሰው እጅ ካለች ያ ሰው እኔ ነኝ። የቆርቆሮ ሳጥን ገዛሁ፣ ቁልፍ ገዛሁ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ስጠርግ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ጠያቂ ሁሉ ለኔ በጀኝ ያለውን ጥሎለት ሄዷል፤ የግፊት ክኒን፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ ስሙ የጠፋ ፍሬ በወረቀት ተጠቅልሎ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ከኔ ደጃፍ ደግሞ ክኒን ይራገፋል። ለቅሜ ለመድኃኒት ቤቱ ሰጠሁና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

አክስቴ አንገቴን አየችና አማተበች። «ማተብና የሳጥን ቁልፍ ባንድ ክር! የገዛ አባቷን መድኃኒት የምትቆልፍ ልጅ ደግሞ አሁን አየሁ» አለች።

«ገና ብዙ ታያለሽ» አልኳት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«እንግዲያው ሞኝ ነኝ። አለቅም።»

ያኔ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው ነገር ነው ዛሬም ሆዴ ውስጥ ያለው። «ልጁን ረሳ፣ በሬውን ረሳ፣ ቀዬውን ረሳ። የቀረው ጾሙ ብቻ ነው። እሷንም ከወሰድሽበት አባትሽ የምትይው ምኑ ሊቀርሽ ነው?»

«እስትንፋሱ» አልኳት። መልሴ ፈጣን ነበር፤ ግን እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ በዚያም ላይ ተናደድኩ።

የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። መጥተው አባቴ አጠገብ ተቀመጡና «አንተ ሰው፣ ታመሃል፤ የታመመ ሰዓት አይጠብቅም። ፈትቸሃለሁ፤ በጠዋት ብላ» አሉት። አባቴ መስቀሉን ተሳልሞ «ይሁን አባቴ» አለ። ደስ አለኝ። ምግቡን ይዤ ስመለስ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ «ቅዳሴ ወጣ ወይ?» አለኝ።

አክስቴ ከጥግ ሆና፣ «እርስዎ ፈቱት፤ እሱ ራሱን አልፈታ» አለች።

ቄሱን እስከ በር ስሸኛቸው፣ «አባ፣ ወጥቷል እያልኩ ልዋሸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥላቸውን ዘረጉ፣ ሰማዩን አዩ፣ «ጆሮዬ ከደከመ ቆየ» ብለው ሄዱ። እኔ ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ዋሸሁት። «ወጥቷል አባዬ» አልኩት በማግስቱ። እሱ ግን የዋዛ ሰው አይደለም። ተነሥቶ ከዘራውን ይዞ ግቢው መሀል ቆመ። ጥላው የሚያልቅበትን ልብ አድርጎ ካየ በኋላ፣ አንዱን ጫማ ካንዱ ጫማ እያስከተለ፣ ተረከዝ ከጣት እያጋጠመ ይለካው ጀመር። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን በማሳ ውስጥ ሆኖ ዘጠኝ ሰዓትን የሚያውቀው እንዲህ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ስንት ጫማ ሲሆን እንደሚበላ የየወሩን ያውቃል። ለክቶ ሲጨርስ ገና በጠዋት ነውና ጥላው ረዥም ሆነበት። «አልደረሰም» ብሎኝ ተቀመጠ። ሴት ልጁን የረሳ ሰው የጥላውን ልክ አልረሳም!

ተናድጄ ማኪናዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ግን እሱ አልተወውም፤ ረፋዱን ሙሉ እየተነሣ ይለካል። አራት ሰዓት አለፍ ሲል አንዴ ወጥቶ ለካና ፊቱ በራ። «ደርሷል፤ አምጪ» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፣ ጥላውን አየሁ፤ ከዚያ ገባኝ። ፀሐይ ስትወጣም ስትወርድም ጥላ አንድ ልክ ላይ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ አንዴ ረፋድ፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ። የሚለየው የወደቀበት አቅጣጫ ብቻ ነው። በድብ ባሕር ቢሆን ተራራውን አይቶ ያውቅ ነበር፤ በኔ ግቢ ግን ዙሪያው አጥርና ግንብ ስለሆነ ምሥራቁ ከምዕራቡ አይለይበትም። በላ፣ ክኒኑንም ዋጠ። ሐኪሟን ደውዬ ጠየቅኋት፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት በልቶ ቢውጥ ግድ የለውም አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይኸው ነው። ደመና የሆነ ቀን እንደ ምንም ብዬ አባብለዋለሁ፤ ፀሐይ ያለ ቀን ግን እሱ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ እንደ ሰው ይበላል። ጾሙን አልወሰድኩበትም፤ አቅጣጫውን ብቻ ደበቅኩት። ሐሜቱ የመጣውም ከዚህ ነው። ልታማ፤ የሚያማኝ ሁሉ አባቴ በሕይወት እንዳለ ያውቃል።

የምፈራው አክስቴን ነበር። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። ስቅለት በተቃረበበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ አባቴ ለክቶ ጨረሰና እንደ ወትሮው አልመጣም። ወደ ጥላው አየ፣ ወደ ፀሐይዋ አየ። ፊቱ ላይ ያ የድሮው ገበሬ ብቅ አለ። እኔን አላመነኝምና በረንዳው ላይ ወደ ተቀመጠችው እኅቱ ዞረ።

«እታለም፣ ፀሐይዋ ወደ መውጫዋ ናት ወደ መግቢያዋ?»

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። አክስቴ በጾም ቀርቶ ያለ ጾምም ዋሽታ አታውቅም። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች፣ ከዚያ የወንድሟን እግር አየች።

«አያ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል» አለችው። «እግርህ ደርሷል ካለህ እግርህን እመን።»

አባቴ ትንሽ አሰበ፤ አማተበና ገብቶ በላ። ክኒኑን ሰጠሁት፣ ሳጥኑን ቆለፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴው ወጣ፤ ደወሉ እስከ ቤታችን ተሰማ። ያክስቴን ምግብ አቀረብኩላት። ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ቀኑ መሸት ሲል ደግሜ ባቀርብላትም እንደዚያው።

«ምነው? የኔ እጅ ያበሰለው ረከሰ እንዴ?» አልኳት፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እዳው የኔ ነው፣ አንቺ ምን አገባሽ» አለችኝ። «የራሴን ጾም በዘጠኝ ሰዓት ጨርሻለሁ። ይኸኛው የወንድሜ ነው።»